ከሰማንያው የጣልኳት አንዲት ቀን

ዛሬ ጧት የእህቴ ልጅ ሰላማዊት ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ነበር። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ግቢያችንን አጨቅይቶታል፤ ዋልካው ጫማ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ የሚልበት የገዳሪፍ ክረምት ነው። እኔ ደጃፉ ላይ በርጩማ ስቤ፣ ሻይ በወተት ይዤ፣ ስልኬን አጠገቤ አስቀምጬ ነበር። የምጠብቀው ጥሪ ነበረኝ።

«ያ ኻሊ፣ ና እስቲ ይቺን እያት» አለችኝ። እዚሁ ሱዳን ተወልዳ ያደገች ናትና አጎቷን በዐረብኛ መጥራት ይቀናታል።

የመድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ የስልክ ፕሮግራም እየሠራች ነው። ሰው «ሁለት ሰዓት ተኩል» ወይም «ዐሥር ቀን» ብሎ እንዳፉ ሲጽፍላት፣ ፕሮግራሙ ያንን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ማሽን ተኩል አያውቅም፣ ሰሞኑን አያውቅም፤ ስንት ሴኮንድ እንደሆነ ካልነገሩት በቀር አይገባውም። ሠርታ ጨርሳ እየሞከረችው ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳይ መሞከሪያው ላይ የጻፈችው «ሰማንያ ቀን» የሚል ነው።

ቀና ብዬ አየኋት። ሳቋን አፍና ይዛዋለች።

«ይቺን እንኳ አንተ ብትፈትናት ይሻላል ብዬ ነው» አለች።

እኔም ሳቅሁ፤ ግን ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ሃያ ዓመት ያለፈው ነገር ዛሬም ፊት ያግላል ቢባል የሚያምነው አፍሮ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ገበያው መሀል ዑስማን የሚባል ሱዳናዊ የኮምፒውተር ሱቅ ነበረው፤ እኔ እሱ ዘንድ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ማን እንደጣላት ከማትታወቅ ሽፋነ ቢስ የዐረብኛ መጽሐፍ ላይ ፕሮግራም መጻፍ ተማርኩ። መምህር የለኝ፣ የሚያርመኝ የለኝ። ስለዚህ ያወቅሁት ሁሉ ልክ መሰለኝ። አሁን ሳስበው የራስ ተማሪ ትልቁ ችግር ይኸው ነው፤ ፈተናውን የሚያወጣውም የሚያልፈውም አንድ ሰው ነው።

ከሠራኋቸው ሁሉ የምኮራባት አንዲት ፕሮግራም ነበረችኝ። የጊዜ ርዝመት በሰው ቋንቋ ይጻፍላታል፤ እሷ ቁጥሩን ከቃሉ ትለያለች፣ ሰዓት ከሆነ በሰዓት ሴኮንድ፣ ሳምንት ከሆነ በሳምንት ሴኮንድ ታባዛለች፣ ደምራ ታወጣለች። «ሦስት ሳምንት ከሁለት ቀን» ስትላት ቁልፉን ነክተህ ሳትጨርስ አንድ ረጅም ቁጥር ትዘረግፋለች። ዑስማን በጣም ወደዳት። ሻይ ሊጠጣ የመጣውን ሁሉ እየጎተተ ያመጣልኛል።

«ያ ሙሐንዲስ፣ አሳየው!» ይላል።

የኛ ሰዎችም ይመጣሉ። አንዱ «ሁዳዴ ስንት ሴኮንድ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አወጣለታለሁ። «ወይ ጉድ! ይህን ሁሉ ነው እንዴ የምንጾመው?» ብሎ እየሳቀ ይሄዳል። አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «ከዶካ እስከ ጋላባት በክረምት መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለኝ። ያንን አታውቅም አልኩት። «ታዲያ ምን ታውቃለች?» ብሎኝ ወጣ። ሰውየው አላዋቂ መሰለኝ።

በእውነት ያስጨነቀኝ ወር የሚለው ቃል ነበር። የፈረንጁ ወር አንዴ ሠላሳ፣ አንዴ ሠላሳ አንድ፣ የኛው ደግሞ ጳጉሜን አስከትሎ ይመጣል። በወር ነገር ብዙ ተጠበብኩ፣ ብዙ ጻፍኩ፣ ብዙ ሰረዝኩ። ቀንን ግን አልጠረጠርኳትም። ቀን ምን ያስቸግራል? ሃያ አራት ሰዓት ነው፤ በቃ። ሰው የሚወድቀው ከፈራው ገደል አይደለም፤ ሜዳ ነው ብሎ ከረሳው ቦታ ነው።

በዚያው ዓመት በግንቦት፣ አርብ ዕለት፣ ታላቅ እህቴ ሰላማዊትን ወለደች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እናትየውም ቤተ ክርስቲያን የምትገባው ያን ዕለት ነው። የክርስትና እናት ማን ትሁን የሚለው ግን ልጅቱ ከመወለዷ በፊት ያለቀ ነገር ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ናት።

እትዬ ጥሩነሽ የእናታችን ጓደኛ ነበረች። ከጎንደር አገር ስንሰደድ እህቴን በጀርባዋ አዝላ ድንበር ያሻገረቻት እሷ ናት። እናታችን ስደተኛ ካምፕ ሳለን ካረፈች ወዲህ እንደ እናት የምናያት እሷን ነው። ኋላ አገር ሲረጋጋ ተመልሳ መተማ ገባች፤ እዚያ ለመኪና ሰዎች ሻይና ዳቦ እየሸጠች ትኖራለች። ልጅ አልወለደችም። ስለዚህ ነገር ስታወራ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን እህቴ ማርገዟን በስልክ የነገረቻት ዕለት «ልጅቱን እኔ ነኝ የማነሣት፤ ለማንም እንዳትሰጭብኝ» ብላ አለቀሰች። ወንድ ይሁን ሴት ገና ሳይታወቅ ልጅቱ ብላ ነበር። በአንድ ሰው አንገት ላይ ማተብ አስሮ የኔ ማለት፣ ለእሷ ያ ሁሉ ነበር።

የእህቴ ባል ፋሽጋ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል፤ የዘር ወቅት ስለሆነ ከዚያ መነቃነቅ አልቻለም። እንግዳ የመጥራቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። ወደቀ ልበል እንጂ እኔው ነኝ ዘልዬ የያዝኩት። የገዳሪፍ ሰው ጥሪ አያስፈልገውም፤ ቀኑን ሁሉም በጣቱ ይዞታል። ሩቅ ያሉት ግን፣ ዶካና ባሱንዳ ያሉ ጥቂት ዘመዶች፣ ከሁሉም በላይ መተማ ያለችው እትዬ ጥሩነሽ፣ መልእክት ይፈልጋሉ።

«ደውልላትና ንገራት» አለችኝ እህቴ።

«እታለም፣ አንቺ ዝም በይ። ማሽኑ ራሱ አስቦ ራሱ ይልክላታል» አልኳት።

እንዳልኩትም አደረግሁ። የተወለደችበትን ቀን አስገባሁ፤ «ሰማንያ ቀን» ብዬ ጻፍኩ፤ ፕሮግራሟ ሰማንያውን ወደ ሴኮንድ ለወጠች፣ ከልደቱ ላይ ደመረች፣ ቀኑን አወጣች። ከኮምፒውተሩ ጋር በሽቦ የታሰረ አሮጌ ስልክ ነበረኝ፤ በእሱ በኩል መልእክቱ ሄደ። የዚያን ጊዜ ስልክ የኛን ፊደል ስለማያውቅ የጻፍኩት አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነበር። «ክርስትናው ሰኞ ጧት ነው፤ እሑድ ማታ እንድትደርሱ» ይላል። እትዬ ጥሩነሽ ማንበብ አትችልም፤ ጎረቤቷ ያለ ባለ ሱቅ አነበበላት። ዑስማን ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም ያን ቀን ፉሌን በልቼ ሳልጨርስ ለሦስት ሰው አወራሁ።

እሑድ ሆነ። እውነተኛው የክርስትናው ቀን ማለት ነው። ጎሕ ሲቀድ ካፊያ ይጥል ነበር። እህቴ ነጭ ለብሳ፣ ልጅቷን አቅፋ፣ ሰማንያ ቀን ሙሉ ያልረገጠችው የቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማለች። እኔ በዚያን ሰዓት ምን እንደማስብ ላስረዳ ብሞክር አይገባችሁም። ጧት ከሱቁ ስመጣ ከቤት ሲወጡ ደርሼ፣ እየተከተልኩ «ዛሬ ወዴት ነው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። እህቴ ቀልድ መስሏት «ወደ ሰርግ» አለችኝ። ማታ ገብቼ የተኛሁት ዑስማን ሱቅ ስለነበር የቤቱን ሽር ጉድ አላየሁም። እዚያ ስደርስ ነው ነገሩ ቀስ እያለ የገባኝ።

ቄሱ ብቅ አሉና «የክርስትና እናቷ ወዴት አለች?» አሉ።

እህቴ ወደኔ ዞረች። «እትዬ ጥሩነሽ ማታ ትገባለች ብዬ ስጠብቅ አደርሁ። ምን ቀን ብለህ ነው የላክህባት?»

«ሰኞ ብዬ» አልኩ።

«ሰኞ?»

እዚያ ላይ አጥፍቻለሁ ብዬ፣ ስልኬን አውጥቼ፣ እየሮጥኩ መደወል ነበረብኝ። ያ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል ባላፈርኩ። እኔ ግን ወደ ቄሱ ቀረብ አልኩና ክርክር ገጠምኩ።

«አባ፣ ዛሬ እኮ ሰማንያ አልሞላም» አልኳቸው። «አርብ ነው የተወለደች። ከዚያ ወዲህ ያለፈው ሰባ ዘጠኝ ቀን ነው። ሰማንያ የሚሞላው ነገ ነው። በኮምፒውተር ተሰልቷል።»

ቄሱ ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ቶሎ አይቆጡም። ትክ ብለው አዩኝ።

«የተወለደችበትን ቀን ወዴት ጣልሃት?» አሉኝ።

«እንዴት አባ?»

«ያችን ቀን አልኖረችም? ስታለቅስ አልዋለችም? እናቷ ስታምጥ የዋለችባት ቀን አትቆጠርም?»

ከኋላዬ ሰው ሳቀ። ሳቁ አስቆጣኝ። ስለ ሴኮንድ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ስለ ማባዛት፣ ከዜሮ ስለ መጀመር፤ በዐረብኛ ያነበብኩትን በአማርኛ ለመናገር ቃል እያጠረኝ፣ እጄን እያወናጨፍኩ። ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ምእመኑ ሁሉ ወደኔ ዞሮ ይሰማኛል። እህቴ ብቻ አላየችኝም፤ መሬት መሬት ታይ ነበር። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ቄሱ ትከሻዬን ይዘው ወደ ጎን ገለል አደረጉኝና «ቅዳሴ ሊገባ ነው። ሕፃን በዝናብ አይቆምም፤ የምታነሣት ሴት ፈልጉ» አሉ።

በሩ አጠገብ ከስደተኛ ካምፕ ለቅዳሴ የመጣች አንዲት ወጣት ቆማ ነበር። ለተብርሃን ትባላለች፤ ትግርኛ ተናጋሪ ናት። እኛን አታውቀንም። የእህቴን ፊት አየችና እጇን ዘረጋች። «ሕራይ፣ ኣነ ክሕዛ» አለች፤ እሺ፣ እኔ ልያዛት ማለቷ ነው። እንዲህ ሆኖ ሰላማዊት የክርስትና እናት አገኘች።

ቅዳሴው ሲያልቅ መደወል ጀመርኩ። የእትዬ ጥሩነሽ ስልክ ተዘግቷል። ከሰዓት በኋላ አንድ የማውቀው ሾፌር ከዶካ ደውሎ፣ የኛ ሰው የሆነች ሴትዮ ከኋላው ባለው መኪና እየመጣች መሆኗን ነገረኝ። መናኸሪያው ሄጄ ጠበቅኋት። ሌላ ሰው እንዲቀበላት ብፈልግም ማንም አልፈቀደልኝ፤ ልክ ነበሩ።

ከጭነት መኪናው ላይ ስትወርድ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። መንገዱ ያኔ አስፋልት አልነበረም፤ ሁለት ቦታ ወርደው መኪናውን ገፍተዋል። አቅፋ ሳመችኝ።

«ተመስገን! አንድ ሌሊት ቀደምሁ!» አለች። «ጭቃው ያስቀረኛል ብዬ እንዴት ፈራሁ መሰለህ፤ ይኸው በጊዜ ገባሁ።»

ከመንገዱ ዳር ለአላፊ አግዳሚው ውኃ የሚቀመጥበት የሸክላ ዚር አለ። ከዚያ እየቀዳች እግሯን ታጠበች። ከእቃዋ ውስጥ ንጹሕ ጫማ አውጥታ አደረገች፤ ነጠላዋን ለወጠች። እኔ ቆሜ አያታለሁ። አሁን ልንገራት፣ አሁን ልንገራት እላለሁ። ረክሻ የሚሉት ባጃጅ ውስጥ ገባን። ከደረቷ ውስጥ ሦስት ቀለም ያለው የክር ልቃቂት አውጥታ አሳየችኝ፤ ማተቡን ራሷ ፈትላ፣ ራሷ ገምዳ ነበር።

«ነገ ጧት በስንት ሰዓት ነው የምንነሣ?» አለችኝ።

«ቤት ይነግሩዎታል» አልኩ።

ይችን ቃል ዛሬም አፌ ውስጥ እንደ አሸዋ ነው የማገኛት። ሳላውቅ በመሳሳቴ ሰው ሊምረኝ ይችላል። እያወቅሁ ያን ሁሉ መንገድ ዝም ማለቴን ግን እኔም አልማርኩት።

ቤት ስንደርስ ድግሱ ገና አልተነሣም ነበር። ሰው ሁሉ ብድግ አለላት፤ ዘፈኑ ግን ቆመ። እየሳቀች ገባች። እህቴ ከአልጋው ጫፍ ላይ ልጅቷን አቅፋ ተቀምጣለች። እትዬ ጥሩነሽ ሕፃኗን ለመሳም ጎንበስ አለች፤ ዓይኗ አንገቷ ላይ አረፈ። ጥቁር ማተብ።

«ታስሮላታል» አለች።

እህቴ ማልቀስ ጀመረች። «እትዬ፣ የእርስዎንም ይሰሩላት፤ ሁለት ቢሆን ምን አለ?»

«አይ፣ የኔ ልጅ። በሰው ክር ላይ ክር አላስርም። ያችም እግዜር የላካት ናት።» ክሯን በጣቷ ላይ ቀስ እያደረገች ጠቀለለች፤ መልሳ ደረቷ ውስጥ ከተተቻት። ከዚያ ዞር ብላ በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን አየችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ምንኛ በወደድሁ።

«እኔማ ለቅዳሜ መኪና ይዤ ነበር» አለች። «ቀኑ ጠፍቶኝ አይደለም። አንተ ሰኞ ስላልህ ነው የቀረሁ። ያ የተማረ ልጅ፣ ያውም በኮምፒውተር፣ ይሳሳታል ብዬ አላሰብሁም።»

የክርስትና እናት በድግሱ ላይ በክብር ቦታ ትቀመጣለች፣ ሰው ያጎርሳታል። እትዬ ጥሩነሽ ግን ያን ዕለት እጅጌዋን ሰብስባ ጓዳ ገባችና ከሴቶቹ ጋር ብርጭቆ ስታጥብ አመሸች። ተይ ቢሏት እምቢ አለች። በማግስቱ ወደ መተማ ተመለሰች።

ፕሮግራሟን በሳምንቱ አስተካከልኳት። አንድ መስመር ነው የጨመርኩት፤ አንድ ቀን የምትቀንስ አንዲት መስመር። ዑስማን ያዘዘው ሻይ እስኪመጣ እንኳ አልፈጀችብኝም። ይህን ያህል ትንሽ መሆኗ የበለጠ አሳፈረኝ። ትልቅ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ከባድ ነበር እል ነበር።

ሰው ስም አወጣልኝ። የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍትን ቁጥር እያነሡ «ሰማንያ አሐዱ» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ስገባ ከወዲያ ጥግ «ሰማንያ አሐዱ መጣ» ሲሉ እሰማና ተመልሼ ልውጣ ወይስ ልግባ እያልኩ እጨነቅ ነበር። አሁን ስሜ ሆኗል። የስሙን ምክንያት የማያውቁ ልጆች መጽሐፍ አዋቂ ስለሆንኩ የተሰጠኝ ይመስላቸዋል፤ አላርማቸውም።

ለተብርሃን ዓመት ሳይሞላ ከካምፑ ሄደች። ወዴት እንደሄደች ጠይቀን የሚያውቅ አላገኘንም። ሰላማዊት ሰባት ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን «የክርስትና እናቴ መልኳ ምን ይመስላል?» ብላ ጠየቀችኝ። እናቷን ብትጠይቅም ያው ነው። ረጅም ትሁን አጭር፣ ቀይ ትሁን ጠይም፣ ከቤታችን ሰው የሚያስታውስ የለም። ያን ጧት ማንም ልብ ብሎ አላያትም፤ ሁሉም የሚያየው እኔን ነበር።

ሰላማዊት ላፕቶፗ ላይ ያለውን ቁጥር አሳየችኝ። ረጅም ነው። በልቤ አባዝቼ አየሁት።

«ልክ ናት?» አለችኝ።

«ለመድኃኒት ልክ ናት።»

«ለክርስትናስ?»

«ለክርስትና የተወለደችበትን ቀን እንዳትጥያት» አልኩ። ልትስቅ አፏን ከፈተችና ፊቴን ስታይ ተወችው።

ስልኩ ያን ጊዜ ጮኸ። የመተማ ቁጥር ነው። በዚህ ሰሞን መስመሩ ይቆራረጣል፤ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ አይገኝም። እሷ ግን አንድም ዓመት ቀርታ አታውቅም። የሰላማዊት ክርስትና የሚታሰበው ትናንት ነበር፤ እህቴ ጸበል ጸዲቅ አቅምሳ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎን ሄዷል። እትዬ ጥሩነሽ ግን የምትደውለው ሁልጊዜ በማግስቱ ነው። እኔ በላክሁላት ቀን። መጀመሪያው ዓመት ላይ «ትናንት ነበር» ልላት አፌን ከፍቼ አልወጣልኝም። ከዚያ ወዲህ ቀልድ ይሁን፣ ልማድ ይሁን፣ ወይስ ያቺን ቀን የራሷ አድርጋ ይዛት እንደሆን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ለመጠየቅ ፊት የለኝም።

አነሣሁት።

«ደህና አደርህ፣ የኔ ጌታ» አለች። ድምጿ አርጅቷል። «ዛሬ ነው አይደል?»

ያን ጧት በዝናብ ውስጥ ስለ አንዲት ቀን ከቄስ ጋር የተከራከርኩት ሰው እኔ ነኝ።

«አዎ እትዬ» አልኳት። «ዛሬ ነው።»

ሰላማዊት እጇን ዘርግታ እየጠበቀች ነበር። ስልኩን ሰጠኋት።